ዓባይ በረሃ ላይ ያገኘኋት "ዛጎል" ምንድን ናት?

መንገደኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር ዓባይ በረሃ መሃል መኪናችን ሞቀብንና ቆምን። ሾፌሩ ውሃ እስኪጨምር ጥላ ፍለጋ ወደ ገደሉ ጠጋ ብዬ ስቀመጥ፣ ከነጣው አለት ሥር ከተራገፈው ኮረት መካከል አንዲት ነገር ዓይኔ ገባች። ከብይ ትንሽ ከፍ ትላለች። ድንጋይ ናት፣ ትከብዳለች፣ ግን ቅርጿ ቁርጥ ዛጎል ነው። ከአንድ ጫፍ ተነስተው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ሸንተረሮች አሏት። ሁለት ክዳን አላት፣ ግጥም ብላ ተዘግታለች፣ የሚገጥሙበት መስመር ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው።

ሾፌሩ "ድንጋይ ጠራቢ ሲጫወት የሠራው ነው" ብሎ ሳቀብኝ። አብሮኝ የነበረው ልጅ የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው አለ። እኔ የዓባይ ቀንድ አውጣ ይሆን እንዴ ብዬ ነበር። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ፎቶው አልጫን ብሎኛል።

ቀልደኛው፦
ዝም በል ወንድሜ! ለፈረንጅ ሽጣትና መኪና ግዛ። የማይሞቅ።

አለት ቆርቋሪ፦
ቀልደኛው፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ደግሞም እዚያ ገደል ላይ ሞልቷል፣ መኪና ቀርቶ ጎማም አይገዛም።

መንገደኛው፣ ገለጻህ ጥሩ ነው። ጂኦሎጂ ተምሬያለሁ፣ ያንን መንገድም ከተማሪዎች ጋር ስንት ጊዜ በእግሬ ወርጄዋለሁ። የተቀመጥክበት ነጣ ያለ አለት የኖራ ድንጋይ ነው። የባሕር ጭቃና የባሕር እንስሳት ቅርፊት ተከማችቶ ድንጋይ የሆነ። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ አፍሪካ ከማዳጋስካርና ከሕንድ መላቀቅ ስትጀምር መሬቱ ዝቅ አለና ባሕር በኦጋዴን በኩል ዘልቆ ገባ። ቀይ ባሕር ያኔ ገና አልተወለደም። ከዚያ ባሕሩ ሸሸ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እሳተ ገሞራው መጥቶ ሁሉንም በጥቁር ድንጋይ ሸፈነው። አገሩ ወደ ላይ ተነሳ፣ ዓባይ ደግሞ እንደ ቢላ ሰንጥቆት ወረደ። ቁልቁል ስትወርድ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ነጩን የምታየው ለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ከዚያው አለት የተፈረከሰ ስባሪ ካለህ ፈጭተህ አቼቶ ጠብ አድርግበት። ያገኘሃትን ራሷን እንዳትነካት! የኖራ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ይላል። ሁለተኛ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበህ ሹል ጫፏን እይልኝ። ቀዳዳ አለ?

የእንደርታ ልጅ፦
እኛ ጋ ይሄ ብርቅ አይደለም። መቀሌ አካባቢ ቤቱም አጥሩም በዚህ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ልጅ ሆኜ ግድግዳው ላይ የተጠመጠመ ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር በጣቴ እየተከተልኩ እጫወት ነበር፣ ማንም ምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። ድንጋዩ በሳይንሱ ስሙ ራሱ አንታሎ ነው፣ የኛው ሕንጣሎ። ስሙን ያወጣለት ዊልያም ብላንፎርድ ነው፣ በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በ1868 እ.ኤ.አ. የመጣ ጂኦሎጂስት። ሰዉ ሲዋጋ እሱ ድንጋይ ይለቅም ነበር ማለት ነው።

ተክለ፦
እኔ የኖኅን ውሃ አምናለሁ፣ አልደብቅም። ግን ጥያቄ አለኝ። ውሃው አምጥቶ ጥሎት አለመሆኑን በምን አወቃችሁ?

አለት ቆርቋሪ፦
ተክለ፣ እምነትህን አልነካም፣ ያየሁትን ልንገርህ። ጎርፍ ይሰባብራል፣ ያደባልቃል። እዚህ ግን ኦይስተር የሚባለው ዛጎል በሌላ ኦይስተር ጀርባ ላይ ተጣብቆ አድጎ ታገኛለህ። አንዱ ሞቶ ሌላው እላዩ ላይ ቤቱን ሠርቷል። ለዚያ ዕድሜ ያስፈልጋል። ከታች እንዲህ፣ ከላይም እንዲህ፣ ውፍረቱ ደግሞ በመቶ ሜትር የሚቆጠር ነው። እዚያው ተወልደው እዚያው የሞቱ ናቸው።

መንገደኛው፦
አቼቶውን ሞከርኩ! አረፋ ደፈቀ፣ ባለቤቴ "ወጥ ቤቴን ላቦራቶሪ አደረግከው" ብላ ተቆጣች። ሹሉ ጫፍ ላይ ደግሞ እውነትም ቀዳዳ አለች፣ ጭቃ ደፍኗት ነበር፣ በመርፌ ነው ያጸዳሁት። ይሄ ታዲያ ምን ማለት ነው?

አለት ቆርቋሪ፦
እሰይ! እንግዲያው የዛጎልም የቀንድ አውጣም ዘመድ አይደለችም። ብራኪዮፖድ ትባላለች። በቀዳዳዋ እንደ እግር ያለ ዘንግ አውጥታ የባሕሩን ወለል ትይዝ ነበር።

ልዩነቱን እዚያው እጅህ ላይ ታየዋለህ። ተራው ባለሁለት ክዳን ዛጎል ግራና ቀኝ ነው፣ ልክ እንደ ሁለት መዳፍ፣ አንዱ የሌላው መስታወት። ያንተዋ ላይና ታች ነው። ሁለቱ ክዳኖች አይመሳሰሉም፣ ግን እያንዳንዱን ከሹሉ ጀምረህ መሃል ለመሃል ብትከፍለው ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል። ለካው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ሌላውን ነው። ተራው ዛጎል ማጠፊያው ላይ እንደ ሞላ የሚከፍተው ነገር አለው፣ የሚዘጋው በጡንቻ ነው። ሲሞት ጡንቻው ይለቃል፣ ክዳኑ ብርግድ ይላል፣ ማዕበሉም አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ ይወስደዋል። ብራኪዮፖድ የሚከፍተውም የሚዘጋውም በጡንቻ ስለሆነ ሞቶም አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ ይቀራል። ያንተዋ ግጥም ያለችው ለዚህ ነው።

ወገኖቿ ድሮ ባሕሩን ሞልተውት ነበር። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት ክፉኛ ተመቱና ቦታውን ዛጎሎቹ ወረሱት። ዛሬ በሕይወት ያሉት 400 ያህል ዝርያዎች ብቻ ናቸው። እኛ ጋ የነበሩት ግን ለየት ስለሚሉ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ዓረብ አገርና ሕንድ የተዘረጋውን የዚያን ዘመን የባሕር እንስሳት ክልል ተመራማሪዎች "የኢትዮጵያ ክፍለ ግዛት" ይሉታል። መጋዝ መሳይ አፍ ያላት የዚያ ወገን አንዷ ስሟ ሶማሊሪንኪያ ነው። ያንተዋ እሷ ትሁን አትሁን ሳላያት አልፈርድም፣ ፎቶው ሲጫንልህ ላክልኝ።

መንገደኛው፦
ለካሁት፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ለሾፌሩ ደውዬ ነገርኩት። "የቱ ጋ ነበር የቆምነው?" አለኝ።