የበጋው የፎቶ ጉዞ ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ ሰባት ቦታ ተጠቁሟል። ሰባት ቦታ እየዞርን የቀትር ፎቶ ይዘን ከምንመለስ፣ ሦስት መርጠን በየቦታው ሁለት ሌሊት ብናድር ይሻላል ባይ ነኝ። የኔ ረቂቅ እንዲህ ነው፦ በኅዳር መጨረሻ መንዝ ጓሳ፣ በታኅሣሥ ጣርማ በርና አንኮበር፣ በጥር ደግሞ የውሃ ዳርቻ። የመጨረሻው ቦታ ገና አልተወሰነም። ሐሳባችሁን ከነዝርዝሩ አምጡ፤ «ጥሩ ነው» ብቻ የሚል መልስ ወረቀቱ ላይ የሚገባ ነገር የለውም።

የመሐል ሜዳው አባል፦ ስለ ጓሳ ልበል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪ። በብርድ ባትሪው ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል፤ ካሜራው «ባዶ» ብሎ ይጠፋል። አውጥታችሁ ብብታችሁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ብታቆዩት እንደገና ይሠራል። ለአንድ ሰው ሦስት ባትሪ ይያዝ፦ አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ ሁለቱ ከሸሚዝ ሥር። ማታ ከጋቢው ጋር ይተኙ።

ጭላዳን (ሳር በሉን የደጋ ዝንጀሮ) በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። መንጋው የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀስ እያለ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ወዲያው ለግጦሽ አይበተንም። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ጠጉር ይፈትሻል፣ ግልገሎቹ ይላፋሉ። ጥሩው ፎቶ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ በግምት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ሳር ይነጫል፤ የምታገኙት ጀርባና ጠጉር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁርስ ከፎቶው በኋላ ይሁን። ቁርስ አስቀድመን ከወጣን ጉዞው ከንቱ ነው።

የቴክኒክ ክፍል፦ ወንድሜ ባነሳው ላይ ልጨምር። የደረቀው የጓሳ ሳር ፈዛዛ ነው፣ ጭላዳው ጥቁር ቡናማ። ሳሩ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ እንስሳው ፊት የሌለው ጥላ ይሆናል። ያኔ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) ወደ +0.7 ከፍ አድርጉ። በቅርብ ሌንስ ጠጉሩ ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ −0.7። ሌላ ወጥመድ አለ፦ የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ። ጠቅላላው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ሆኖ ሳለ ቀዩ ቻናል ብቻ ተቃጥሎ ይገኛል፣ ደረቱም የቀለም ጠብታ ይመስላል። ስክሪኑ ላይ የሦስቱን ቀለማት ሂስቶግራም ለየብቻ አውጥታችሁ እዩ፤ በሮው (RAW፣ ባልተጨመቀው የካሜራ ፋይል) ካልተነሳ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

ሻተር፦ ለተቀመጠ 1/250 ይበቃል፣ ለሚሮጥና ጋማው በነፋስ ለሚበተን ከ1/1000 በላይ። ሌንስ 300 ሚሊ ሜትር ካለ በቂ ነው፤ ጭላዳ ሰው ስለለመደ 400 አያስፈልግም። ለቀይ ቀበሮ ግን 400ም ያጥራል።

የወፍና እንስሳት ክፍል፦ በቀይ ቀበሮው ላይ አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር፦ አትከተሉት። ከተከተላችሁት የምታዩት ጭራውን ነው። ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ተሳክቶለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ። ከመንጋው ጋር መዋሉ ይጠቅመዋል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ለኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ከጭላዳው ጎን 20 ሜትር ራቅ ብሎ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ዝም ማለት፣ ቀበሮው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አድማስ ላይ ጎልቶ ይታያል። ተቀመጡ፣ ከተቻለ በሆድ ተኙ። ከዝቅታ የተነሳው ፎቶም ያማረ ነው፤ ሳሩ ከፊት ደብዝዞ እንስሳው ከመሀል ይወጣል።

ሁለት ነገር ረቂቁ ላይ ይጻፍ፦ ምግብ መወርወር የለም፣ ድሮንም አይነሳም። የድሮን ድምፅ መንጋውን ወደ ገደሉ ይበትነዋል፤ የፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። የቦታው መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያም ለማኅበረሰቡ በደረሰኝ ይከፈላል፣ በጀቱ ላይ አስገባዋለሁ። ጓሳ የመንግሥት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ በቄሮ ሥርዓት (የአካባቢው የጋራ አጠባበቅ ደንብ) ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው መሬት ነው፤ ሳሩን የሚያጭዱበትና የሚከለክሉበት ጊዜ አላቸው። ከመንገዱ እንዳንወጣ ብለው ሲነግሩን አጉል እንዳንከራከር።

ገንዘብ ያዥ፦ ሳር አጫጆቹንና እረኞቹን ስናነሳ «ፎቶውን እናመጣላችኋለን» ብለን የምንቀረው ነገር ይብቃ። 40 ኅትመት፣ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር፣ በጀቱ ላይ ይግባ። አስጎብኚው ስም ይዞ ያድላል።

የደብረ ብርሃን አባል (ሴት)፦ ወደ ጣርማ በር ልሂድ። ሰዉ ሁሉ «የደመና ባሕር» የሚለው ቆላው ላይ ያደረው ጉም ነው። ከአዋሽ ወገን የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ጠዋት ከታች ይተኛል፣ ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ላይ ይነሳና እኛን ይውጠናል። ጊዜው አጭር ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ 12 ሰዓት ሳይሞላ ስታንዱ ተተክሎ መቆም አለበት። 3 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ነጭ ግድግዳ ያነሳል።

አነሳሱን በተመለከተ፦ ሰፊ ሌንስ አትቸኩሉበት። ጉሙ በሰፊ ሌንስ የተዘረጋ ጥጥ ነው። 70–200 ይዛችሁ ሸንተረሮቹ ከጉሙ የሚወጡበትን ለይታችሁ አንሱ፤ ኋላና ፊት ያሉት ሸንተረሮች እየደበዘዙ ሲደራረቡ ነው ጥልቀቱ የሚታየው። ኤክስፖዠር ከ+0.7 እስከ +1፣ አለበለዚያ ጉሙ ግራጫ ይሆናል። አውቶ ፎከስ ጉም ላይ ይዋልላል፤ የሸንተረር ጠርዝ ላይ ፎከስ ያዙና ወደ ማንዋል ለውጡት። ከፊት ለፊት ጅብራ ብታገኙ ጥሩ ነው። እባካችሁ አትደገፉት፣ አትስበሩት፤ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ተክል ነው።

ሰብሳቢ፦ እህታችን፣ ማደሪያውስ? ደብረ ሲና ነው ወይስ ደብረ ብርሃን?

የደብረ ብርሃን አባል (ሴት)፦ ደብረ ሲና ቅርብ ነው፤ ግን ከጣርማ በር የመኪና ዋሻ ማዶ ነው። ጉም ካለ ሌሊት ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ከከባድ መኪኖች ጋር መውጣት ነው፣ እኔ አልመክርም። ከደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ብንነሳ ይደርሳል። መኪናው በምንም መልኩ ከዋሻው አፍ ላይ አይቁም፤ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ መቆም ይወዳል፣ ከውስጥ የሚወጣ መኪና ግን ከብርሃን ሲደርስ ዓይኑ ይጭበረበራል።

የወፍና እንስሳት ክፍል፦ አንኮበርን ከጣርማ በር ጋር በአንድ ጉዞ ማጣመሩ ጥሩ ነው፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለወፍ ሰዎች ደግሞ አንኮበር ሴሪን አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያው የተገኘች፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነች ወፍ። ትንሽና ቡናማ ናት፤ ከድንጋዩ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ እሷን ተስፋ አድርጎ የሚመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ገደል አፋፍ ላይ ለመቀመጥ ይዘጋጅ።

አዲስ አባል፦ ሦስተኛውን ቦታ ባሕር ብናደርገውስ? ታጁራ፣ ጅቡቲ። የድሮ ነጋዴም ከአንኮበር በአልዩ አምባ አድርጎ እዚያ ይወርድ ነበር። ማዕበል፣ ጨው፣ ዓለት፤ ሌላ ነገር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ነጋዴው ግመል ነበረው፤ እኛ ያለን አንድ አባዱላ ነው። ፓስፖርት የሌላቸው አባላት አሉ፣ ቪዛም፣ የውጭ ምንዛሬም አለ። ለአሥር ሰው አይሆንም። ለሚመጣው ዓመት በተናጠል ይጠና ተብሎ ይያዝ።

የቴክኒክ ክፍል፦ ሐሳቡን አንጣለው፤ የባሕር ዳር አነሳስ የሚጠይቀው ሙያ ሐይቅ ዳርም ይሠራል። የደሴው ሐይቅ ይሁን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ሴቶች ስለማይገቡ መርሐ ግብሩ ዳርቻው ላይ ብቻ ይሁን፣ ማንም ውጭ እንዳይቀር። ምዕራቡን ዳር ይዘን ፀሐይ ከውሃው ማዶ ስትወጣ እንጠብቃለን።

ግን ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው በረሳ ወንዝ ላይ ግማሽ ቀን ልምምድ ይደረግ። እዚያ ላይ የማይሠራ ፊልተር ሐይቅ ላይም አይሠራም። ሂሳቡ ይኸው፦ ያለ ፊልተር 1/30 ሰከንድ ከሆነ፣ ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) 64 እጥፍ ስለሆነ 2 ሰከንድ ይሆናል፣ ባለ 10 ስቶፕ ደግሞ 1,000 እጥፍ ገደማ ነው፣ 34 ሰከንድ። ለሐይቅ ሞገድ 2 ሰከንድ ይበቃል፣ የሞገዱ ቅርጽ ይቀራል። 30 ሰከንድ ሲሆን ውሃው ጭስ ይሆናል፤ ለእኔ ሁልጊዜ አይጥመኝም።

ቅደም ተከተሉ አይቀየር፦ ስታንዱን ትከሉ፣ ፍሬሙን ያዙ፣ ፎከስ አድርጉ፣ ወደ ማንዋል ለውጡ፣ ከዚያ ነው ፊልተሩ የሚገባው። ፊልተሩ ቀድሞ ከገባ ካሜራው አያይም። መስታወት ባለው ካሜራ የዓይን ማያውን ሸፍኑ፤ ከኋላ የሚገባ ብርሃን ፎቶው ላይ ሐምራዊ ጭጋግ ይጥላል። ስታንድ ላይ ሲሆን የሌንሱ ማረጋጊያ ይጥፋ። የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አብሩ፣ በእጅ አትጫኑ።

ዳርቻው ጭቃ ነው። የስታንዱ እግር በ30 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ፎቶው በትንሹ ደብዝዞ ይወጣል፣ እናንተ ግን ሌንሱን ትጠራጠራላችሁ። ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ፣ ወይም ገፍታችሁ ጠንካራውን መሬት ፈልጉ። መሀለኛውን ምሰሶ አታውጡ። ቦርሳ ከመሀል ብትሰቅሉ መሬት ይንካ፤ በነፋስ የሚወዛወዝ ቦርሳ ከሌለው ይብሳል።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፊልተር) እስከ ጥግ አታዙሩት፤ የሐይቁን መስታወት ይገድለዋል። ግማሽ ላይ አቁሙ። ሁለት ፊልተር ከተጣበቀና አልላቀቅ ካለ በላስቲክ ተይዞ ይዞራል፤ ጣት ከጠነከረ ክቡን ያጣምመዋል።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ደሴ ሩቅ ነው ብሎ የሚቃወም አለ?

የመሐል ሜዳው አባል፦ ርቀቱን አልቃወምም። የመንገዱ ሁኔታ ግን ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት ይጣራ፤ ካልተመቸ ሐይቁ ይዘለልና በረሳ ላይ ሙሉ ቀን ይሁን። ይህ በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ በኋላ «ማን ወሰነ» እንዳይባል። ሌላም፦ ከውጭ ብርድ ካሜራ ይዛችሁ ሙቅ ክፍል ስትገቡ መስታወቱ ላብ ያወጣል፣ ውስጡም ጭምር። ከመግባታችሁ በፊት በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይከፈት። የሜሞሪ ካርዱን ማታ ማየት የሚፈልግ ሰው ከመግባቱ በፊት አውጥቶ ይያዝ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ (1) ጓሳ፣ ኅዳር መጨረሻ፣ ሁለት ሌሊት፣ አስጎብኚና 40 ኅትመት፤ (2) ጣርማ በርና አንኮበር፣ ታኅሣሥ፣ ማደሪያ ደብረ ብርሃን፤ (3) በረሳ የግማሽ ቀን ልምምድ፣ ከዚያ የደሴው ሐይቅ፣ ጥር፣ መንገዱ ከተጣራ ብቻ። ተሳታፊ አሥር። አባዱላው 12 ሰው ይይዛል፤ ስታንድና ቦርሳ ሲጨመር ግን ከአሥር በላይ አይመችም።

ገንዘብ ያዥ፦ ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፦ ኤንዲ ፊልተር ማኅበሩ ይግዛ ወይስ እያንዳንዱ? የሌንሱ አፍ ስፋት ከ52 እስከ 77 ሚሊ ሜትር ይለያያል።

የቴክኒክ ክፍል፦ 77ን ይግዛ፣ ሁለት ብቻ፣ አንዱ ባለ 6 አንዱ ባለ 10። ለትንንሾቹ ሌንሶች ማስፋፊያ ቀለበት ይገዛል፣ ርካሽ ነው። በረሳ ላይ ተራ እየተጠበቀ ይሠራል፤ ሐይቅ ላይ ግን ፀሐይዋ ስትወጣ አሥር ሰው ሁለት ፊልተር ሊሻማ ነው፣ ስለዚህ ግማሹ ሰው ያን ሰዓት ያለ ፊልተር አድማሱን ያንሳ። ዝርዝሩን ማን እንደሚያወጣ ንገሩኝ፣ እስከ ዓርብ ቀለበቶቹን ላሳውቅ።

ሰብሳቢ፦ የየራሳችሁን ሌንስ አፍ ስፋት እዚሁ ጻፉ። ሌንሱ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ወይም ከፊት ዙሪያው ላይ Ø ምልክት ካለበት ቁጥር ጋር ተጽፏል። ከእኔ እንጀምር፦ 67።