ልጄ «ግራመር ስኩል» ገባ፣ ግን ፈተና አልተፈተነም... ስህተት ነው እንዴ?

እናት_ዓለም፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወይ ራሳችሁ እዛ የተማራችሁ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ። ልጄ ሴፕቴምበር ላይ ይር 7 (የሴኮንደሪ የመጀመሪያው ዓመት) ይጀምራል፣ ማርች 1 የትምህርት ቤት ምደባ ኢሜይሉ ሲመጣ የመጀመሪያ ምርጫችን ደርሶት እልል ብለን ነበር። ትናንት ዩኒፎርም ልገዛ ሄጄ ብሌዘሩን ሳገላብጥ ኪሱ ላይ ካለው አርማ ስር አንድ መስመር ላቲን አለ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ደሞ 15 ብሎ የሚጀምር ዓመት፣ ስሙ ላይም ግራመር ስኩል ይላል። ግራመር ማለት በፈተና ተመርጠው የሚገቡበት ነው ሲባል ነው የምሰማው፣ የኔ ልጅ ግን ምንም አልተፈተነም፣ ቤታችን ቅርብ ስለሆነ ነው የገባው። ተሳስተው ነው እንዴ? ደውዬ እንዳልጠይቅ ነቅተው እንዳይመልሱብኝ ፈራሁ ሃሃሃ። ሌላው ክራቫቱ በአራት ዓይነት ቀለም ነው የሚሸጠው፣ ሻጯ «ሃውሱ የትኛው ነው?» ስትለኝ የኛን ቤት የጠየቀችኝ መስሎኝ አድራሻዬን ከነፖስት ኮዱ ነገርኳት...

ጠመኔ፦
ፖስት ኮዱ ገደለኝ። እህቴ ተረጋጊ፣ ማንም አይነጥቅሽም። እዛው አገር ሴኮንደሪ ስኩል ውስጥ የመምህር ረዳት ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ጥያቄውም በየዓመቱ ይመጣል። ግራመር የተባለው የላቲን ሰዋስው ስለሚያስተምሩ ነው፣ ያኔ የቤተክርስቲያኑም የፍርድ ቤቱም ወረቀት በላቲን ስለነበር ላቲን ያወቀ ልጅ እንጀራ አገኘ ማለት ነው፣ እንደ ግዕዝ በይው። የሚማሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ ታዲያ፣ ለሴቶቹ ብዙዎቹ የተከፈቱት ከ1869ኙ የትምህርት ቤቶች ህግ በኋላ ነው። ብሌዘሩ ላይ ያለውን ዓመት ደሞ ብዙም አትመኚው፣ 1547 ላይ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ለሙታን ጸሎት የሚያደርጉ የቤተክርስቲያን ተቋማት ንብረታቸው ሲወረስ እነሱ ስር የነበሩት ትምህርት ቤቶች አብረው ተንጠለጠሉ፣ አንዳንዶቹ በንጉሡ ስም እንደገና ተቋቋሙ፣ «ኪንግ ኤድዋርድ» የሚባል ትምህርት ቤት የበዛው ለዛ ነው። ስለዚ አርማ ላይ ያለው ዓመት አንዳንዴ የተወለደበት ሳይሆን ከሞት የተነሳበት ነው።

ፈተናው የመጣው በ1944ቱ የትምህርት ህግ ነው። የመንግስት ሴኮንደሪ ነጻ ሆነ፣ ግን ልጁ 11 ዓመት አካባቢ ኢሌቨን ፕላስ ይፈተንና ያለፈው ግራመር፣ የወደቀው ሴኮንደሪ ሞደርን የሚባለው ሌላ ትምህርት ቤት ይገባል (ቴክኒካልም ነበር ግን ጥቂት ነው)። ከዛ 1965 ላይ የሌበር ፓርቲ መንግስት 10/65 የሚባል ሰርኩላር (መመሪያ ደብዳቤ) አወጣ፣ ሁሉንም ልጅ የሚቀበል ኮምፕሪሄንሲቭ አድርጉ የሚል፣ አስገራሚው ነገር «ጠየቀ» እንጂ አላዘዘም፣ እንደዛም ሆኖ አብዛኛው ተለወጠ። ያንቺ ልጅ ትምህርት ቤትም ከነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፣ ፈተናው ሄደ ስሙ ቀረ። በፈተና የሚያስገቡት ዛሬ መላው እንግሊዝ ውስጥ 163 ብቻ ናቸው፣ ኬንትና ባኪንግሃምሺር ብዙ አለ፣ ብዙ ቦታ ግን ጭራሽ የለም።

ሃውሱ ከአዳሪ ትምህርት ቤቶች የተቀዳ ነው፣ እዛ ልጆቹ እውነትም በየቤቱ ነው የሚኖሩት። የቀን ተማሪ ጋር ሲመጣ ቡድን ሆነ፣ ስፖርት ቀን ይወዳደራሉ ነጥብ ይሰበስባሉ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ይመድበዋል፣ እስኪነግሩሽ ክራቫት እንዳትገዢ።

የኬንቱ፦
ጠመኔ ጥሩ ብለሃል፣ ግን እነዛን ግራመሮች ማጥፋታቸው ያናድደኛል። የደሃ ልጅ ሳይከፍል ጥሩ ትምህርት የሚያገኝበት በር ነበር። የኔ ሴት ልጅ ተፈትና ገባች፣ እኔ ሌሊት የማጸዳ ሰው ነኝ።

ጠመኔ፦
ልጅህ ጎበዝ ናት እግዜር ይጨምርላት ወንድሜ። ግን የወደቀውንስ? አንድ አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ፣ እሳቸው ወደቁ ታናሽ እህታቸው አለፈች። አባትየው ላለፈ ሳይክል እገዛለሁ ብሎ ነበርና ለእህታቸው ተገዛ፣ ጠዋት ጠዋት አንዷ በሳይክል አንዷ በእግሯ ከአንድ ቤት ወጥተው ወደተለያየ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ የሳይክሉን ቀለም አሁንም ይነግሩሃል። ሴኮንደሪ ሞደርን የገባ ልጅ ደሞ ብዙው በ15 ዓመቱ ያለ አንዳች ሰርተፍኬት ነው የሚወጣው፣ ሲኤስኢ የሚባለው ፈተና እንኳን የመጣው 1965 ላይ ነው፣ እስከ 16 መማር ግዴታ የሆነው 1972። አሁንም ብታይ አስጠኚ የሚቀጥር ወላጅ ልጅ ነው በብዛት የሚያልፈው።

የኬንቱ፦
አስጠኚውን አልክድም፣ እኔም ለስድስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍያለሁ።

ብላቴና፦
እዛው ተምሬ የጨረስኩ ነኝ። እናት ዓለም አንድ ልጨምርልሽ፣ «ፐብሊክ ስኩል» ሲሉ ሰምተሽ የመንግስት እንዳይመስልሽ፣ በጣም ውዱ የግል ነው። ከነሱ ታዋቂው ኢተን 1440 ሲመሰረት 70 ድሃ ልጆችን በነጻ ሊያስተምር ነበር፣ ዛሬ ማን እንደሚማርበት ታውቂያለሽ። ፐብሊክ የተባለው ከየትም አካባቢ የመጣ ልጅ ከፍሎ ስለሚገባ ነው፣ የአንድ ሰፈር ብቻ ስላልሆነ።

ኑሮውን በተመለከተ የመጀመሪያው ወር ልጅሽ ይጠፋበታል፣ ፕራይመሪ ላይ አንድ ክፍል አንድ መምህር ለምዶ አሁን ደወል በተደወለ ቁጥር ህንጻ መቀየር ነው። ዲቴንሽን (ለቅጣት ትምህርት ቤት መቆየት) ካመጣ አትደንግጪ፣ እኔ የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ክራቫቴ አጠረ ተብሎ ነው፣ አጭር አድርጎ ማሰር ፋሽን ነበር በቃ። ብሌዘሩን ደሞ አዲስ አትግዢ፣ ከ2021ዱ የዩኒፎርም ህግ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ያገለገለ የሚገኝበትን መንገድ ማዘጋጀት አለባቸው፣ ቢሮ ደውለሽ ጠይቂ።

እናት_ዓለም፦
ተባረኩ ሁላችሁም፣ ገና አሁን ነው የተነፈስኩት። ቢሮውም ደወልኩ፣ ሃውሱ ሰማያዊ ነው አሉኝ። ሱቋ ሄድኩ፣ ሰማያዊ አልቋል።