አማቴ በልጅነታቸው በዊንተር በመርከብ ካናዳ ገብተዋል፤ መዝገቡን ከየት ላግኝ?

ጥያቄ፦ የመንትዮች እናት (ቶሮንቶ)

ጤና ይስጥልኝ እህት ወንድሞቼ። አንድ ነገር እንድታግዙኝ ነው። የባለቤቴ እናት ሆላንድ ተወልደው፣ በ6 ዓመታቸው ከወላጆቻቸውና ከ4 ወንድምና እህቶቻቸው ጋር በመርከብ ካናዳ ገቡ። ዘመኑ በፈረንጆቹ የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዊንተር እንደነበር እርግጠኛ ናቸው፤ ከመርከብ ሲወርዱ አባታቸው በረዶ ላይ ተሸክመዋቸዋል። ሌላው ትዝታቸው ቁርጥራጭ ነው። እናታቸው ከአልጋ ሳይነሱ ያስመልሳቸው ነበር። ሚስማር ላይ የተሰቀለ ኮት ደግሞ ከግድግዳው ብድግ ብሎ ይርቅና ቀስ ብሎ ይመለሳል። እሳቸው ያንን ኮት ሲያዩ ይውሉ ነበር።

እጃችን ላይ ያለው አንድ ፎቶና አንድ ጣውላ ብቻ ነው። ጣውላው የዕቃ ሣጥናቸው ክዳን ነበር። የአባታቸው ስምና «ሃሊፋክስ» የሚል ጽሑፍ በጥቁር ቀለም አለበት። አሁን ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያ ሆኗል።

ለልጆቼ የእኔን ወገን እስከ ሰባት ቤት እቆጥርላቸዋለሁ። የአባታቸው ወገን ላይ ስደርስ ግን ዝም እላለሁ። ይሄ ያሳዝነኛል። ለአማቴ ልደት ሳይሰሙ የመርከቡን ስምና የገቡበትን ቀን አግኝቼ ልሰጣቸው አስቤ ነበር። ኦንላይን ብፈልግ ብፈልግ ስማቸው አይወጣም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሃሊፋክስ ነዋሪ

እህቴ፣ ያንን ጣውላ ከጋራዥ አውጪው! ከጦርነቱ በኋላ ሆላንዶች ከአገራቸው ይዘው እንዲወጡ የሚፈቀድላቸው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ያላቸውን ዕቃ በትልቅ የእንጨት ሣጥን አሽገው ይልኩ ነበር። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳህን፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል። የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ በዚያ ክዳን ስር ነው የመጣው።

ሃሊፋክስና ዊንተር አብረው የሚሄዱ ናቸው። ወደ ኬቤክና ሞንትሪያል የሚያስገባው የቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ ያኔ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋ ነበር። የእኛ ወደብ ግን አይዘጋም። ሰው የሚገባው ፒየር 21 በሚባለው ህንጻ ነው። ከ1928 እስከ 1971 ድረስ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ስደተኛ በዚያ አልፏል። አሁን የኢሚግሬሽን ሙዚየም ነው። ውስጡ የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ የሚያግዙ ባለሙያዎች አሉ፤ የብዙ መርከቦች ፎቶም አላቸው። እኔ ልጆቼን ይዤ ሄጄ፣ ለራሳችን ጉዳይ ሳይሆን ለጎረቤታችን ስጠይቅ በጣም በትህትና ነው የረዱኝ። ኢሜይል ጻፊላቸው።

አማትሽ አዳራሹን ያስታውሱት እንደሆነ ጠይቂያቸው። ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ ነበረው። ሰው ተራው እስኪደርስ እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ የጉምሩክ ሰዎች ሻንጣ ይከፍታሉ። ቋሊማና ሥጋ የያዘ ይወሰድበታል። ኤርፖርት ላይ የእናታችንን በርበሬና ሽሮ ይዘን ልባችን ድው ድው እንደሚለው ማለት ነው። ከህንጻው ጋር የተያያዘ የባቡር ጣቢያ ስላለ ወዲያው ወደ ባቡር ይሻገራሉ። ብዙዎች የሚያስታውሱት ያንን ስስ ነጭ ዳቦ ነው፤ ለመንገድ ገዝተው ቢቀምሱት ጥጥ ጥጥ አላቸው።

መልስ፦ መዝገብ ቤት የሠራሁ (ኦታዋ)

ኦንላይን ያጣሽበት ምክንያት ግልጽ ነው። እስከ 1935 ድረስ ያለው የመርከብ ተሳፋሪ ዝርዝር ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስለሚገኝ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ከ1936 ወዲህ ያለው ግን በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እጅ ነው። እሱን የምታገኚው በመረጃ ጥያቄ ማመልከቻ ነው፤ ክፍያው 5 ዶላር ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በድብቅ አይሆንም። ባለመዝገቡ በሕይወት ካሉ ፊርማቸውን ማያያዝ ግዴታ ነው። ለወላጆቻቸው መዝገብ ደግሞ ካረፉ 20 ዓመት እንዳለፋቸው የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ሰርፕራይዙን ተዪውና አጠገባቸው ቁጭ በይ። እንዲያውም ይሻላል። እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ ሰው ወረቀቱ እስኪመጣ ሲጠብቅ ሊጠይቃቸው የሚችለው ሽማግሌ ያልፋል። ወረቀቱ ስምና ቀን ይሰጥሻል እንጂ ስለዚያ ኮት አይነግርሽም።

ማመልከቻው ላይ በገቡበት ጊዜ የነበራቸውን ስም ጻፊ፤ የባላቸውን ስም አይደለም። የተወለዱበትን ቀን፣ የገቡበትን ዓመትና አብረዋቸው የመጡትን ሁሉ ጨምሪ። የደች (የሆላንዶች) ስም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ከቤተሰብ ስም በፊት የሚመጣውን «ፋን» አንዱ ጸሐፊ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይተወዋል። አጻጻፉን ሁሉ ዘርዝሪላቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ ውስጥ ፈልጊ። በዚያ ዘመን ለስደተኛ የሚሰጥ ትንሽ የመታወቂያ ካርድ ነበር። የመርከቡ ስም ይጻፍበታል፣ የገቡበት ቀንም ማህተም ይደረግበታል። ሰዎች ይህን ካርድ ከጋብቻ ወረቀት ጋር ያስቀምጡታል።

መልስ፦ ካልጋሪ

ጣውላው ላይ ሃሊፋክስ ስላለ ብቻ እርግጠኛ አትሁኚ። በዊንተር ሴንት ጆን ወደብም ብዙ ሰው ይገባ ነበር። በኒው ዮርክ በኩል ገብቶ በባቡር የመጣም አለ። ሣጥኑ በሌላ መርከብ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ መርከበኛ የነበርኩ

በንግድ መርከብ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ኮቱ ያነበብኩት ነገር ልቤን ነካው፤ አማትሽ በትክክል ነው የሚያስታውሱት። የሚንቀሳቀሰው ኮቱ አይደለም። ኮቱ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ግድግዳው ነው ከስሩ የሚሸሸው። በጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሰሜን አትላንቲክ ላይ ቀን ከሌት እንዲያ ነው። የመርከቡ ኋላ ከውሃ ብድግ ሲል የሚነዳው ፕሮፔለር አየር ላይ ይዞርና መርከቡ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ብዙ መርከቦች መወዛወዝ የሚቀንስ የጎን ክንፍ አልነበራቸውም። ሳህን እንዳይንሸራተት የጠረጴዛ ልብሱን በውሃ ያርሱታል። ኮሪደሩ ላይ ገመድ ይዘረጋል፣ ሰው እሱን ይዞ ይሄዳል።

መርከቡን ለመለየት እነዚህን ጠይቂያቸው። አባታቸው ከእነሱ ጋር ነው የተኙት ወይስ ከሌሎች ወንዶች ጋር? የሆላንድ መንግሥት ለስደተኛ ያሰማራቸው ግሮተ ቤር፣ ዋተርማንና ዞይደርክራይስ የሚባሉ 3 መርከቦች ነበሩ። በጦርነቱ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለጭነት የተሠሩ ናቸው። ሰው የሚተኛው በትልልቅ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ በፊት በፊት ወንድና ሴት ለየብቻ ነበር። ለቤተሰቡ የራሱ ካቢን ከነበረው ግን ሌላ መርከብ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ እንደ ማስዳም ወይም ራይንዳም ያለ አዲስ መርከብ። ሰዓትስ ይቀየር ነበር? ከሮተርዳም እስከ ሃሊፋክስ የ5 ሰዓት ልዩነት አለ። 8 ወይም 9 ቀን ነው የሚወስደው፣ ማዕበል ካለ ይጨምራል። ሰዓቱ በየጊዜው በሌሊት ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጆች ሳይነጋ እየነቁ ያስቸግሩ የነበረው ለዚህ ነው።

ጠያቂዋ ተመልሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ቡና አፍልቼ አማቴን ጠራኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳይቆጡ ሳቁ። ከዚያ ቤታቸው ሄደው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ካርዱ እዚያ ነበር! የሃሊፋክስ ማህተም፣ ፌብሩዋሪ 1954። በእኛ 1946 መሆኑ ነው። የመርከቡ ስም ላይ ግን ውሃ ፈሶበታል፣ አይነበብም።

አባታቸው ለብቻ ነበር የተኙት። «ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ስማችንን እየጠራ ይቆጥረን ነበር» አሉኝ። 5ቱን ልጆች ማለት ነው። ይህን ባለቤቴ ራሱ ሰምቶት አያውቅም።

መልስ፦ መዝገብ ቤት የሠራሁ (ኦታዋ)

በጣም ደስ ይላል። ቀኑ ካለሽ የመርከቡ ስም ሩቅ አይደለም። ዴልፈር የሚባል የሆላንድ የድሮ ጋዜጦች ድረ ገጽ አለ፤ ነጻ ነው። ጋዜጦቹ የትኛው መርከብ ዛሬ የት እንደደረሰ በትንንሽ ፊደል ያትሙ ነበር። ከማህተሙ ቀን 2 ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰሽ ከሮተርዳም የወጡትንና ሃሊፋክስ የሚሉትን ለቅሚ። ያንን ለሙዚየሙ ላኪና ያመሳክሩልሽ። ቀን ስትጽፊ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ደቾች ቀኑን ያስቀድማሉ፣ ካናዳ ውስጥ ወር የሚያስቀድምም አለ። የ5 ዶላሩን ማመልከቻም አትተዪው፣ ካርዱ ቢኖርም።

ጠያቂዋ

እሺ፣ ማመልከቻውን ዛሬ አስፈርሜያቸዋለሁ። ጋዜጣውን አብረን ነው የምናየው፣ ደች የምታነብልኝ ሌላ ሰው የለችኝም። እሁድ መነጽራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጣውላውንም ባለቤቴ አጥቦ ሳሎን አስገብቶታል።