የሞርጋንቲናዋ ሐውልት አይዶኔ መቀመጧ ልክ ነው?

ከካታንያ፦ ባለፈው ቅዳሜ መኪና ተከራይተን አይዶኔ ሄድን። ሲሲሊ መሃል፣ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ነች። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጄን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ሙዚየሙ ድሮ የካፑቺን መነኮሳት ገዳም ነበር። እዚያ ያየኋት ሐውልት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም። ቁመቷ ከ2 ሜትር ያልፋል። ሰውነቷ የኖራ ድንጋይ፣ ፊቷና እጇ እብነ በረድ ነው። ከ2,400 ዓመት በፊት ሲሲሊ የሰፈሩ ግሪኮች ያቆሟት የሴት አምላክ ሐውልት ነች። ቀሚሷ ነፋስ እንደመታው ሁሉ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። ጠጋ ሲሉ የቀለም ርዝራዥ አለ። አዳራሹ ውስጥ ግን እኛ አራታችንና አንዲት ጠባቂ ብቻ ነበርን።

ታሪኳን ለማታውቁ፦ ሐውልቷን ሞርጋንቲና ከተባለው የግሪክ ከተማ ፍርስራሽ ዘራፊዎች ቆፍረው አወጧት። የካሊፎርኒያው ጌቲ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1988 በ18 ሚሊዮን ዶላር ገዛት። ጣሊያን ለዓመታት ተከራክራ በ2011 አስመለሰቻት። እንዲህ ያለ ቅርስ ሰው በማይበዛበት ቦታ መቀመጡ ልክ ነው? እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከሎስ አንጀለስ፦ እኔ አልስማማም። ማሊቡ፣ የጌቲ ሙዚየም አንዱ ሕንፃ በሆነው ጌቲ ቪላ እያለች ደጋግሜ አይቻታለሁ። መግቢያው ነፃ ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው ይከባት ነበር፤ ተማሪዎች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይስሏት ነበር። ስርቆት ስርቆት ነው፣ ወደ ጣሊያን መመለሷን አልቃወምም። ግን የሲሲሊ ዋና ከተማ ፓሌርሞ አለ፣ ሮም አለ። ቅርስ ካልታየ ምን ይሠራል?

ከሚላን፦ እህቴ፣ የአክሱምን ሐውልትስ ምን ልትዪ ነው? በ1937 ተወስዶ ሮም መሃል ሲቆም ስንት ሺህ ሰው በየቀኑ በአጠገቡ ያልፍ ነበር። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 ቆመ። «ሮም ብዙ ሰው ያየዋል» ቢሉን እሺ እንል ነበር?

ከሎስ አንጀለስ፦ አንድ አይደለም ወንድሜ። አክሱም የሕዝቡ እምነትና ታሪክ ያለበት ቦታ ነው። ሞርጋንቲና በ211 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሮማውያን እጅ ወድቃ ቀስ በቀስ ጠፋች። የዛሬው የአይዶኔ ሰው ያቺን አምላክ አያመልካት።

ከአዲስ አበባ፦ አርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ከሙያው አንፃር ልናገር። ዋናው ጉዳይ የጎብኚ ቁጥር አይደለም። ዕቃ ከተቀበረበት ሲለይ ማንነቱ ይጠፋል። ይህቺን ሐውልት ለዓመታት የፍቅር አምላክ የሆነችው አፍሮዳይት ነች ይሏት ነበር። አሁን ብዙ ምሁራን የእህል አምላክ የሆነችው ዲሜተር ወይም ልጇ ፐርሰፎኔ ትሆናለች ይላሉ። ለምን እርግጠኛ አልሆኑም? ዘራፊዎቹ የት፣ ከምን ጋር እንዳገኟት ስላልተመዘገበ ነው። በነገራችን ላይ፣ ፐርሰፎኔ ተጠልፋ ወደ ሙታን ዓለም የተወሰደችበት ነው የሚባለው የፐርጉዛ ሐይቅ እዚያው አካባቢ ነው።

ቅርስ ከተገኘበት ቦታ አጠገብ መቀመጡ እንደሚጠቅም ሌላም ማስረጃ አለ። ጌቲ የሙታን ዓለም ገዢ የሆነውን የሃደስን ራስ ይዞ ነበር፤ ከሸክላ የተሠራ፣ ጢሙ ሰማያዊ። አይዶኔ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ከሞርጋንቲና የተገኘ አንድ ሰማያዊ የጢም ጥቅልል ተቀምጦ ነበር። ጣት የምታክል ቁራጭ ነች። ከሃደስ ራስ ጋር ተመሳክራ ራሱ የመጣበትን ቦታ አረጋገጠች። በ2016 የሃደስ ራስ ወደ ሲሲሊ ተመለሰ። ያቺን ቁራጭ ማን ይጠብቃት ነበር፣ የአካባቢው ሙዚየም ባይኖር?

ከሎስ አንጀለስ፦ የጢሙን ነገር አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ደኅንነቱስ? ትልቅ ሙዚየም ገንዘብ አለው።

ከሚላን፦ በጥር 2025 የጌቲ ቪላ ግቢ ዛፎች ሲቃጠሉ አንቺው ከተማ ነበርሽ። ቅርሱ ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትልቅ መሆን ግን ከአደጋ አያድንም።

ከሮም፦ ልጆቼ፣ እኔ 30 ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። ሁላችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። አጠገቡ ፒያሳ አርሜሪና የምትባል ከተማ አለች፤ የሮማውያኑ ቪላ ሞዛይክ፣ ማለትም ከትንንሽ ባለቀለም ድንጋዮች የተሠራው የወለል ሥዕል፣ እዚያ ነው። አውቶቡሶች ቱሪስት ጭነው ይመጣሉ፣ ሞዛይኩን አሳይተው ይመለሳሉ። አይዶኔ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የቀረው! ሐውልቷን ወደ ሮም መውሰድ ሳይሆን ያን አውቶቡስ አይዶኔ ማድረስ ነው የሚያስፈልገው።

ከሎስ አንጀለስ፦ ጋሼ፣ በዚህስ እስማማለሁ። ግን እስኪደርስ ድረስ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መቆሟ ያንገበግበኛል።

ከካታንያ፦ ይገባኛል እህቴ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከሙዚየሙ ወጥተን ፍርስራሹ ጋ ሄድን፣ በመኪና ቅርብ ነው። የገበያው አደባባይ ደረጃዎች አሁንም አሉ። ቲያትሩም አለ። ልጄ ድንጋይ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ «ያቺ ትልቋ ሴትዮ እዚህ ነበር የምትኖረው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከፊታችን የኤትና እሳተ ገሞራ ተራራ ይታይ ነበር፣ ጫፉ በረዶ ለብሶ።