የዓለማችን ደንብና ለወጣት ማዕከሉ የምናስገባው የጋራ ጥያቄ (ረቂቅ ሁለት)

ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር
በማይንክራፍት ጨዋታ ውስጥ የሠራነው የድሮው ጎጃም ዓለም ደንብና ጥያቄያችን ረቂቅ እስከ ዓርብ መግባት አለበት። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የማዕከሉን የኮምፒውተር ክፍል እንድንጠቀምና የሰርቨሩን ኪራይ ለስድስት ወር እንዲሸፍኑልን። እነሱ በበኩላቸው ልጆች የሚገቡበት ዓለም የጨዋነት ደንብ እንዲኖረው ጠይቀዋል። አንቀጽ አንድ በጨዋታው ባሶ ገበያ የደረሰው ጉዳይ መሆን እንዳለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነጋዴዎቹ አሞሌውን (የጨው ገንዘቡን) በየት በኩል እንደሚያሻግሩ በቴሌግራም ሲመካከሩ ያነበበ ሰው፣ ገጸ ባሕርይው በሕልሙ እንኳ ሊያውቀው የማይችለውን መንገድ ይዞ ዓባይ ዳር አድፍጦ ዘረፋቸው። ከጨዋታው ውጭ የሰሙትን በጨዋታው ውስጥ መጠቀም፣ ሜታጌሚንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ የስድስት ሰው የወር ልፋት በአንድ ምሽት ጠፍቷል። አንቀጹን ማን ይጽፋል?

ከዳንግላ
እኔ እጽፈዋለሁ። ነገ ማታ ይደርሳችኋል።

ገንዘብ ያዥ፣ ፍኖተ ሰላም
ሃያ አራት አባላት በወር 150 ብር ብንከፍል 3,600 ብር ይሆናል፤ ዘጠኙ ግን አልከፈሉም። ገሚሶቻችን ከስልክ ቤድሮክ በሚባለው፣ ገሚሶቻችን ከኮምፒውተር ጃቫ በሚባለው የጨዋታው ዕትም ስለምንገባ ሁለቱን የሚያገናኘውን ጌይሰር የተባለ ፕሮግራም ጭምር የሚችል ሰርቨር ያስፈልገናል፤ ወደ ርካሹ እንውረድ የሚል ሐሳብ አታምጡ። ማዕከሉ ካልደገፈን በጨዋታው የሠራነው የመንቆረር (የድሮው ደብረ ማርቆስ) አደባባይም ሆነ የሞጣው ልጅ ድንጋይ በድንጋይ የሠራው ሰባራ ድልድይ በወሩ መጨረሻ ይዘጋሉ።

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
አንቀጽ አራት «ተጫዋች ሁሉ በገጸ ባሕርይው ማዕረግ ይጠራል» ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እንደምታውቁት የእኔ ገጸ ባሕርይ በቅሎ ጫኝ አሽከር ነው፤ ጌታዬ የሆነው ደጃዝማች ደግሞ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በድምፅ ስንጫወት «አንተ! በቅሎዋን ወዲህ አምጣት ብዬህ አልነበረም?» ብሎ ሲጮህብኝ ባለቤቴ አጠገቤ ቡና ትቀዳ ነበር። ጀበናውን አስቀምጣ «ይኼ ማን ነው እንዲህ የሚናገርህ?» አለችኝ። የማዕከሉ ኃላፊ ወይም አንድ ወላጅ በር ላይ ቆሞ ይህን ቢሰማ ጥያቄያችን ያኔውኑ ያበቃለታል።

ከቡሬ
መምህር፣ እኔ እርስዎን አንተ አላልኩም። አንተ ያለው ደጃዝማቹ ነው፣ የተባለውም አሽከሩ ነው። ከጨዋታው እንደወጣን «መምህር፣ ደኅና ይደሩ» ብዬ ነው የተሰናበትኩዎት። ደጃዝማች አሽከሩን እርስዎ እያለ የሚያዝ ከሆነ ገጸ ባሕርይ መያዛችን ምን ትርጉም አለው?

ከሞጣ
እርስዎ የሚለውስ ከየት መጣ? ዓለማችን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ያለው ጎጃም ነው ብለን ከተስማማን በኋላ ሰው ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ «እርስዎ» እያለ ይናገራል። አያቴ እስከ ዛሬ አንቱ ነው የሚሉት። አንቀጽ አራት ላይ «አክብሮት በአንቱ ይገለጻል» ተብሎ ይጻፍ።

ከባሕር ዳር፣ ሁለተኛው
ከተማ ላደገ ልጅ አንቱ ሲባል የማሾፍ ይመስለዋል። አዲስ ገቢ ልጆችን ልናቀርብ ነው ወይስ ልናሸሽ?

ከሞጣ
የአገሩ አነጋገር ማሾፍ የሚመስለው ልጅ ካለ ቀድሞ ሊማረው የሚገባው ይህንኑ ነው። በዚህ አልመለስም።

ሰብሳቢ
ለመምህሩ አቤቱታ የታወቀ መፍትሔ አለ። የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች በየትም አገር ከገጸ ባሕርያቸው ወጥተው ሲጽፉ ቃላቸውን በድርብ ቅንፍ ውስጥ ያስገባሉ። ስለዚህ ከቅንፍ ውጭ ማዕረግ ይሠራል፣ በቅንፍ ውስጥ ዕድሜ ይሠራል። ወደ አንቀጽ አንድ እንመለስ።

መምህር
በድምፅ ስንጫወት ቅንፍ የለም። ጆሮዬ የሚሰማው «አንተ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ከሞጣ
መምህር ክብር ከፈለጉ አሽከር ለምን መረጡ? ፊታውራሪ መሆን ይችሉ ነበር።

መምህር
አሽከር የሆንኩት ክብር ጠልቼ አይደለም። ባሶ ላይ የቆመውን ገበያ ራሶችና ደጃዝማቾች ብቻቸውን አላቆሙትም፤ ቡናውን፣ ዝባዱንና አሞሌውን በጀርባውና በበቅሎ ያመላለሰ ሰው ነበረ፣ እኔም የአገሬን ነገር በእሱ ዓይን ማየት ፈለግሁ። እናንተ ግን ቁጠሩ፤ ከሃያ አራት አባላት አሥራ አንዱ ደጃዝማች ነው፣ አንድ ገበሬ እንኳ የለንም። ይህን ጥያቄ ለእኔ ከማቅረብህ በፊት አሥራ አንዱን ማን እንደሾማቸው ጠይቅ።

ከሞጣ
ቸኩዬ ነው የተናገርኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር። ስለ ሹመቱ ያሉት ግን ልክ ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሆነውን ጦርነት እንጫወት ብንል በቀኝ የሚሰለፍ ቀኛዝማች፣ በግራ የሚሰለፍ ግራዝማች፣ ከፊት የሚቀድም ፊታውራሪ ያስፈልጋል። አሥራ አንድ ደጃዝማች ማንን ያዘምታል? የሹመት ዝርዝር በደንቡ ውስጥ ይግባ፤ ከሁለት ደጃዝማች በላይ አይፈቀድ።

ከቡሬ
እኔ ደጃዝማችነቱን አልለቅም። የመጀመሪያውን ግቢ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ
የዳንግላው አንቀጽ የት ደረሰ? «ነገ ማታ» ካለ ሁለት ቀን አልፏል።

ከቢቸና
ያደግሁት ዲማ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የቅኔ መምህር የሆነ ገጸ ባሕርይ ቢኖረን ደጃዝማቹም «የኔታ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣለታል፣ ማንም በአንተ አይጠራውም። መምህሩ ያንን ቢይዙ ችግሩ ይቃለላል።

መምህር
አሽከሩን አልተውም። የኔታነትን ደግሞ ቅኔ ሳልቆጥር በጨዋታ ልይዘው አልደፍርም።

ከቡሬ
አንድ ሐሳብ አለኝ። ደጃዝማች አሽከሩን አንተም አንቱም ሳይል ማዘዝ ይችላል። «በቅሎዋ ትምጣ» ካልኩ ማንንም ሳልጠራ ትእዛዙ ይደርሳል፣ የመኳንንትም አነጋገር ይመስላል። መምህር፣ «በቅሎዋ ትምጣ» ብልዎ ቅር ይልዎታል?

መምህር
አይለኝም። እንዲህ ካልከኝ በቅሎዋን ጭኜ አመጣልሃለሁ።

ከሞጣ
ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም ማዕረግ እንዲህ ያለ አነጋገር መጻፍ አለበት። ነጋድራስ ለነጋዴ፣ ባላምባራስ ለዘበኛ፣ ደጃዝማች ለንጉሥ እንዴት እንደሚናገር ሠንጠረዥ እኔ አዘጋጃለሁ።

ከባሕር ዳር፣ ሁለተኛው
ዋናው ችግር የድምፁ ወደ ውጭ መሰማት ከሆነ ለማዕከሉ ክፍል አሥር የጆሮ ማዳመጫ እንጠይቅ። ሁሉን አንድ ላይ ብንጠይቅ ስለማይሰጡን የስድስት ወር ኪራዩ ወደ ሦስት ወር ይውረድ።

ገንዘብ ያዥ
ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰርቨሩ ከተዘጋ በጆሮ ማዳመጫው የምንሰማው ነገር አይኖርም።

ሰብሳቢ
በድምፅ ተወስኗል፤ 9 ለ 5 የጆሮ ማዳመጫው ይጠየቃል፣ ኪራዩ ሦስት ወር ይሆናል። የቀሩት አሥር አባላት ድምፅ አልሰጡም።

ከሞጣ
ሠንጠረዡን አያይዣለሁ። አራት ገጽ ሆኗል፣ አንቱም እርስዎም በየቦታቸው ገብተዋል። ከ«በቅሎዋ ትምጣ» በተጨማሪ «ውኃ ይቅረብ»፣ «በሩ ይከፈት» እና «ነጋሪቱ ይጎሰም» የሚሉትን አስገብቻለሁ።

ሰብሳቢ
ረቂቅ ሦስት ይኸው። አንቀጽ አራት ከነሠንጠረዡ ተሟልቷል። አንቀጽ አንድ ርእሱ ብቻ ነው ያለው። የዳንግላው ልጅ ሐሙስ ማታ ባሶ ገበያ ላይ ሲነግድ አይቼዋለሁ፣ ለጻፍኩለት መልእክት ግን አልመለሰም። ነገ ጠዋት በዚሁ መልኩ አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ከዘጠኙ ውስጥ ዛሬ የከፈለው የቡሬው ብቻ ነው። ስምንት ሰው ይቀራል።