የዕቅድ ውይይት፦ የክፍል ዕለታዊ ሥራን ለተማሪዎች ስለማስረከብ (ጅማ)

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ለርዕሰ መምህራን ከመቅረቡ በፊት በስም ጥሪ፣ በመውጫ ፈቃድና በክፍል አለቃ ሥልጣን ላይ እንስማማ። ሙከራው በ7ኛ ክፍል ይጀመር የሚለው ጸድቋል።

የሂሳብ መምህር፦ ከስም ጥሪው ልጀምር። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአንዱ 4 ሰከንድ ቢወስድ፣ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 4ቱ ሄደ። በየረድፉ አንድ ተጠሪ የቀሩትን ብቻ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ያኑር። መምህሩ በየቀኑ አንዱን ረድፍ ቆጥሮ ያመሳክር፤ የትኛውን እንደሚቆጥር አስቀድሞ አይናገር። መዝገቡን የሚሞላው ግን መምህሩ ራሱ ይሁን።

የአማርኛ መምህርት፦ በዚህ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ አለቃው ነው። መምህር ሲወጣ «ረባሽ» እያለ ስም የሚጽፍ ልጅ ሥልጣን እንጂ ኃላፊነት አልተሰጠውም። ጓደኛውን ይዘላል፣ የተጣላውን ይጽፋል፤ እስክሪብቶ ሰጥቶ ስሙን የሚያስፍቅም አይጠፋም። የተጻፈውም ልጅ ጥፋቱን ትቶ ጻፊውን ይጠላል። ዝርዝሩ ወደ ዱላ ሲያመራ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። «አለቃ የረባሽ ስም አይጽፍም» የሚል ቃል በረቂቁ ይግባልኝ። በምትኩ መምህር ሲዘገይ የሚሠራ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ሰሌዳው ጥግ ይጻፍ፣ አለቃው እሱን ያስጀምር። ክፍል የሚታወከው ሥራ ሲያጣ ነው።

የሳይንስ መምህር፦ ጩኸቱ ጎረቤት ክፍል ቢደርስስ?

የአማርኛ መምህርት፦ አለቃው ተጠባባቂ መምህር ይጥራ። መጥራት ሥራው ነው፤ መክሰስ አይደለም።

የሳይንስ መምህር፦ ጥሩ። ስለ መውጫው፦ በር አጠገብ ሁለት ካርድ ይሰቀል፣ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት። ተማሪው ሳያስፈቅድ ወስዶ ይወጣል፣ ሲመለስ ይሰቅለዋል። ዝናባችን ካርቶኑን ስለሚያበሰብሰው በፕላስተር ይሸፈን። የመመለሻው ሰዓት ከመወሰኑ በፊት ከክፍሉ እስከ መጸዳጃው ያለው መንገድ በእግር ይለካ፤ ሩቅ ለሆነበት ክፍል 5 ደቂቃ ብሎ መወሰን ልጁን አስቀድሞ ጥፋተኛ ማድረግ ነው። ሴት ልጅ ለምን እንደወጣች አትጠየቅ፤ ይህ ለድርድር አይቅረብ።

የሂሳብ መምህር፦ ካርዱን እየተቀባበለ ሁሉም ቢወጣስ?

የሳይንስ መምህር፦ መጀመሪያ ሰሞን ይበዛል። ካርዱን ቶሎ ከነጠቅናቸው «አናምናችሁም» አልናቸው ማለት ነው። ሁለት ሳምንት እንታገሥ፤ ካልቀነሰ ደንቡን ከተማሪዎቹ ጋር እናስተካክል።

የአማርኛ መምህርት፦ እነዚህን ሥራዎች በተራ የሚይዙ ተማሪዎች ጥንድ ይሁኑ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቡና ለቀማ ምክንያት ቀሪ ሲበዛ ሥራው አንድ ልጅ ላይ እንዳይንጠለጠል። ተራው በሁለት ሳምንት ይለወጥ፤ በአንድ ሳምንት ልጁ ሥራውን ሳይለምድ ያስረክባል። የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን መሪዎችን ደግመን አንሹም፤ ኃላፊነት ሁሌ ውጤታቸው ከፍ ላለው ከተሰጠ የቀሩት መቼ ይልመዱ?

አስተባባሪ፦ ተመዝግቧል። የረቂቁን የስም ጥሪ ክፍል የሂሳብ መምህሩ፣ የአለቃውን የአማርኛ መምህርቷ፣ የመውጫውን የሳይንስ መምህሩ ጽፋችሁ እስከ ሐሙስ አድርሱኝ። የጽዳት ተራው በሚቀጥለው ይታያል።