የታሰረ ዘመዴን የት ብዬ ልፈልገው?

ሰላም ወገኖች! ቴክሳስ ያላችሁ፣ በተለይ የትራክ ሾፌሮች፣ እስቲ ተባበሩኝ።

የአክስቴ ልጅ ጭነት ይዞ ከኤል ፓሶ ወደ ሳን አንቶኒዮ በአይ-10 አውራ ጎዳና እየሄደ ነበር። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመው። “እስር ቤት እየወሰዱኝ ነው” አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ትልልቆቹ ካውንቲዎች (እንደ ወረዳ ያሉ አስተዳደሮች) የእስረኞችን ስም ኦንላይን ያወጣሉ። በረሃው ውስጥ ካሉት ትንንሾቹ ግን ብዙዎቹ ያላቸው የሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ አለቃ) ስልክ ብቻ ነው። አንዱ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ “በዚህ ስም ሰው የለም” ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስሙ በ‹ፀ› ይጀምራል፤ በቲ ኤስ ይመዝግቡት፣ በቲ ዜድ ይመዝግቡት ማን ያውቃል! መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የቤተሰብ ስም ተብሎ የገባው የአያቱ ነው። የልደት ቀኑን ልንገርሽ ብላት መቼ ሰምታኝ።

የቴክሳስ ሕግ የታሰረ ሰው ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። ታዲያ ዋሱን የወሰነው ዳኛ ጋ ብደውል መዝገቡን ያዩልኛል? ትንንሾቹ ካውንቲዎች እስረኛ ወደ ጎረቤት ካውንቲ ያዛውራሉም ይባላል። ያኔ የሚመዘገበው በየትኛው ነው? ኤል ፓሶ አካባቢ የታመነ የወንጀል ጠበቃ የምታውቁ ካላችሁም በውስጥ መስመር ጠቁሙኝ።